ለሃና የተሳልኩት ጧፍ

ባለፈው ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ ሆኜ ለልጄ ስኪ፣ ለበረዶ መንሸራተቻው፣ ሰም በካውያ ሳቀልጥ፣ ሽታው የድሮ ቅናቴን ከተኛበት ቀሰቀሰብኝ። ልጅ ሳለሁ እናቴ የምትሸተው ይህንኑ ነበር።

ያኔ በሰው አገር፣ ኦሮራ በምትባል ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ባለ አፓርትመንት ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር፤ እማዬም ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር እየሄደች ሃና የምትባል፣ እናቷ የሞተችባት የቼክ ልጅ ትጠብቅ ነበር። አባቷ ቁልቁለት ለሚወረድበት የስኪ ውድድር ያሰለጥናት ነበር። ስሟ የእኛ አገር ስም መሆኑ እንኳ ያናድደኝ ነበር።

በረዶው ሲጀምር ደግሞ ይብስብኝ ነበር። እማዬ ሸሚዝ መተኮስ በለመደው እጇ የሃናን ስኪ ሰም መቀባት ተምራ፣ አርብ ከሰዓት ስትተኩስ ውላ፣ ቅዳሜ እኔን ጎረቤት ትታ ከእነሱ ጋር ወደ ተራራው ትወጣ ነበር። ትምህርት ቤት በዘመርኩ ቀን ወንበሯ ባዶ ነበር። አመሻሽ ላይ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ልብሷ ሰም ሰም እየሸተተ፣ «ሴካንድ ወጣች እኮ!» እያለች ገባች፤ ስለ መዝሙሬ አልጠየቀችኝም።

የዚያ ዓመት የመጨረሻው ውድድር ሲቃረብ፣ ሃና ካሸነፈች ለማርያም ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች። ለእኔ የሒሳብ ፈተና አንድም ቀን ተስላ አታውቅም! እልህ ይዞኝ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ቆሜ፣ በልቤ «እመቤቴ፣ ሃና ከወደቀች ጧፍ አመጣልሻለሁ» አልኩ።

ወደቀች፤ እግሯም ተሰበረ።

እማዬ ያን ጸደይ በሙሉ ገንፎ እየሠራች፣ የሃናን ገላ እያጠበች እሷ ዘንድ ከረመች፤ ሃና እሑዴንም ጭምር ወሰደችብኝ። እኔ ደንግጬ ጧፉን ሳላስገባ ቀረሁ። ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ደግሞ እማዬ በስልክ ስታወራ የሰማሁት አንጀቴን አሳረረው። ሃና ያን ቀን አሸንፋ ቢሆን ኖሮ፣ ከአገሯ ቡድን ጋር ልትሰለጥን ጠቅልላ ልትሄድ ነበር። ለካ ያስቀረኋት እኔው ነኝ!

በሚቀጥለው ዓመት ስለቴን ገልብጬ፣ ታሸንፍ ዘንድ ከእማዬ በላይ አጥብቄ ለመንኩ። አሸነፈች፤ ሄደችም። እማዬ ጃንጥላዋን ባስገባች ዕለት እኔ ሁለት ጧፍ አበራሁ፤ አንዱ የአምናው ነበር። አይታኝ፣ «ለሃና ነው? የኔ ደግ ልጅ!» ብላ ሰው ሁሉ እያየ አቅፋ ሳመችኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት እቅፍ ስለነበር እኔም አጥብቄ አቀፍኳት።

ሃና ለአገሯ ብዙ ዓመት ተወዳደረች። እማዬ ዛሬ አርጅታ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ቅዳሜዋም እሑዷም የእኔ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ካውያውን እንደያዝኩ፣ ጋራዥ ውስጥ ረስታው የገባችው ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ አለች?» አለችኝ ሃና፣ እናቴ ባስተማረቻት አማርኛ። ውድድር በቃኝ ብላ ማቆሟን ከማንም በፊት ለእሷ ልትነግራት ፈልጋ ነው።

«ተኝታለች» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት።

እማዬ ከሳሎን፣ «ማነው የደወለው?» አለች።

«ስፓም ነው» ብዬ፣ የአጭበርባሪ ጥሪ አስመስዬ፣ ወደ ሰሙ ተመለስኩ። ልጅ ሳለሁ ሃናን ከእናቴ ለማራቅ ሁለት ጧፍ ፈጅቶብኝ ነበር፤ አሁን አንድ ቃል በቃኝ።