ጣት ያላረፈበት አስተያየት

መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ባለው ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ የተቀረጸ እርሳስና የአንዲት ሙሽራ ኔጋቲቭ ሰጡኝ። ከሥሩ አምፖል በሚበራ መስታወት ላይ አስቀምጬ ፊቷን እንዳጠራ አዘዙኝ። ሪታች ይባላል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀጠሩኝ ጥልፍ ስጠልፍ አይተው፣ እጄ እንደማይንቀጠቀጥ ስላወቁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ገመድ ላይ የተሰጣ ፎቶ አይቼ፣ «ይሄ አያምርም» አልኩ።

«የቱ ጋ?» አሉኝ።

«እንዲሁ ነዋ፣ አያምርም።»

«ጣትሽን አሳርፊበት።»

ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ የማሳርፍበት አጣሁ። «እንግዲያው ምንም አልተናገርሽም» ብለው ወደ ጨለማው ክፍል ገቡ። ስረግማቸው ቤቴ ደረስኩ።

የቤቱ ሕግ ያ ነበር። አስተያየት ያለው ሰው መጀመሪያ ጣቱን ያሳርፋል፤ ቀጥሎ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ይናገራል። የፎቶው ባለቤት፣ ማለት ያነሳው ወይም ያጠራው ሰው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ተናጋሪው እስኪጨርስ ዝም ይላል። ሕጉ ለጌታውም ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሩቅ አልሄድኩም። በዚያው ሳምንት እሳቸው ያነሱት ፎቶ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፤ የሙሽራው እጅ ከአንጓው ላይ በፎቶው ጠርዝ ተቆርጧል። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰሙኝ። ስጨርስም ፎቶውን እንደገና አጠቡት። ያን ቤት የወደድኩት ያኔ ነው።

ዘመን ሄደ። ኔጋቲቩ ቀርቶ ኮምፒውተር መጣ። ልጆቼ ወለዱ፣ እኔም መዳፊት መጨበጥ ተማርኩ። ሰው ሁሉ ስልክ ሲይዝ ግን ገበያችን ቀዘቀዘ። ጋሽ ሰይድ፣ «ሰው ራሱን ማንሳት ከቻለ እኛ ራሱን ማንሳት የማይችለውን እናንሳ» ብለው ወደ ዱር እንስሳት ዞሩ። ጦጣ፣ ጉሬዛ፣ ጭልፊት፣ ጅግራ። ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ለግድግዳ ይገዙን ጀመር።

እግራቸው ሲደክም ለማንሳቱ ለታይን ቀጠሩ። ለታይ ወልዲያ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። አባቷ ከትግራይ መጥቶ ወልዲያ ላይ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። እሷ ታነሳለች፣ እኔ ኤዲት አደርጋለሁ።

አንድ ቀን ከውርጌሳ በላይ ያነሳቻትን ጦጣ አሳምሬ ጨርሼ አሳየኋት። ጠጋ ብላ አየችውና፣

«እትዬ ዘነቡ፣ ጣቴን ላሳርፍ?» አለች።

«አሳርፊ፣ ማን ከለከለሽ!»

ጣቷን የጦጣዋ ዓይን ላይ አደረገች። «ፀሐይዋ ያለችው በግራ ነው። ዓይኗ ውስጥ ያስገቡት ብርሃን በቀኝ ነው። ጦጣዋን ስቱዲዮ አስገቧት!»

የስቱዲዮአችን መብራት ከጥንት ጀምሮ የቆመው በቀኝ ነው። እኔም ለሙሽራ፣ ለወታደር፣ ለተማሪ ሁሉ የዓይን ብርሃን ሳስገባ የኖርኩት በቀኝ ነው። እጄ ሳያስፈቅደኝ ለጦጣዋም እንዲሁ አደረገላት። ጋሽ ሰይድ ከወዲያ ሆነው፣ «አሁን ጉርድ ፎቶ ትጠይቅሻለች!» ብለው ሳቁብኝ። ፊቴ ጋለ። ቢሆንም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እስክትጨርስ ሰማኋት። ከዚያ አስተካከልኩት። ጦጣዋም ዱር ውስጥ ገባች።

ጦርነቱ ከትግራይ ወደ እኛ መጣ። ሸሸን። ተመልሰን ስንገባ የፎቶ ቤቱ በር ተገንጥሏል፤ ካሜራውም ኮምፒውተሩም የለም። ለታይ ግን ፎቶዎቹ ያሉባቸውን የካሜራ ካርዶች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛቸው ነበር። አንድ አሮጌ ካሜራና ላፕቶፕ ተውሰን እንደገና ጀመርን።

ያኔ ወልዲያ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ መጣ። ለአዲሱ ዓመት የአካባቢውን የዱር እንስሳት የያዘ የግድግዳ ካላንደር ይፈልጋሉ፤ ጳጉሜን ጨምሮ ዐሥራ ሦስት ፎቶ። ያን ሥራ ብናጣ ፎቶ ቤቱ ይዘጋ ነበር።

ዐሥራ ሦስቱንም ፎቶዎች አትመን ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። እንደ ቤቱ ልማድ ጀርባቸው ላይ ያነሳው ሰው ስም ተጽፏል። ኃላፊው ራሱ መርሳ ድረስ መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየና አንዱን አነሳ። የለታይ ድኩላ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ሳይታጨድ በቀረ ማሽላ መካከል ቆሞ ቀጥ ብሎ ያየናል። አንድ ጆሮው የተቀደደ ነው።

«እሰይ! ይሄ ለመስከረም ነው» አለ ኃላፊው።

ከዚያ ገለበጠው። ስሙን አነበበ። ስለ ልጅቱ ምንም አልጠየቀም፤ ስሟ በቃው። ፎቶውን ከሌሎቹ ነጥሎ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ይቅር።»

ለታይ ግድግዳውን ተደግፋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች። ቀና አላለችም። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሰሞን ብዙ ጊዜ ደርሶባታል፤ እኔ ፊት ግን አልደረሰባትም ነበር።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» አልኩ።

«አይሆንም አልኩ እኮ፣ እማማ።»

«በዚህ ቤት መጀመሪያ ጣት ያርፋል። የማይሆነው የቱ ጋ ነው?»

«ዘነቡ፣ አደራሽን» አሉ ጋሽ ሰይድ በዝግታ። ሥራው እንዳይሄድ ፈርተዋል። አልፈርድባቸውም።

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ጣቱን ታችኛው ጥግ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ጨልሟል።»

አየሁት። እውነቱን ነው፤ ጨልሟል። ላፕቶፑን ከፍቼ እዚያው ፊቱ ጥጉን አፈካሁት። «ልክ ነዎት፣ ተስተካክሏል። ሌላስ?»

«ጆሮው ተቀዷል። ጠግኑት።»

ለታይን አየኋት። «የፎቶው ባለቤት ትመልስ» አልኩ።

«ጌታዬ፣ ጆሮውን ከጠገንነው ሌላ ድኩላ ይሆናል» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «ይሄኛው ግን ጆሮው ተቀድዶም እዚሁ ነው ያለው።»

ኃላፊው ፎቶውን እንደገና አነሳና ሊገለብጠው ሲል እጄን ላዩ ላይ አደረግሁ።

«ጀርባው ላይ ጣት አያርፍም» አልኩት። «እኛ ኤዲት የምናደርገው ፊቱን ነው። ፊቱ ላይ የቀረ ካለ ያሳዩኝና አስተካክላለሁ። ከሌለ፣ ቅድም እሰይ ያሉት በአፍዎ ነው።»

ውጭ የደሴ ተሳፋሪ የሚጠራ ረዳት ይጮሃል። ሥራው በእኔ ምላስ ሄደ ብዬ ነበር።

ያኔ ጋሽ ሰይድ ከወንበራቸው ተነሡ። የራሳቸውን ጭልፊት ከመደዳው አንስተው ድኩላው አጠገብ፣ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።

«ጣት ካላረፈበት አልተነገረም» አሉ። «ወላሂ፣ እኔ ይሄን ቤት የከፈትኩት በዚህ ነው። ድኩላው ያለ ምክንያት ከወጣ የእኔም ይወጣል። ከዚያ ዐሥራ ሦስት አይሞላልዎትም።»

ኃላፊው ጭልፊቱን አየ፣ ድኩላውን አየ። እኔን ግን ለማየት አልፈለገም። መጨረሻ ላይ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ፣

«ድኩላው ለመስከረም ይሁን» አለ። ወደ በሩ ሲሄድም፣ «ጥጉን ማፍካት እንዳትረሱ!»

«ፈክቷል እኮ!» አልኩት።

በሩ ሲዘጋ ጋሽ ሰይድ፣ «አንቺ ሴትዮ አንድ ቀን በድንጋጤ ትገድይኛለሽ» አሉኝ። ለታይ እየሳቀች ታለቅሳለች። «አብሽሪ» አሏት፣ «አሁን ነይና ለጳጉሜ የሚሆን ትንሽ ወፍ ከመደዳው ምረጪ።»

ካላንደሩ ደሴ ታትሞ መጣ። መናኸሪያው ቢሮ ውስጥ ተሰቀለ፣ ሻይ ቤቱ ተሰቀለ፣ ወልዲያ ያ ኃላፊ ከተቀመጠበት ወንበር ጀርባም ተሰቀለ። ይህን የነገረችኝ ለታይ ናት፤ ለሌላ ሥራ አስጠርቷት ሄዳ አይታው መጣች። ከድኩላው እግር ሥር ስሟ ከነአባቷ ታትሟል። ጥጉም ጥርት ብሎ ይታያል። ስለ ጥጉ ኃላፊው ልክ ነበር፤ እሱ ባይነግረን ጨልሞ ይታተም ነበር።

እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት ፎቶ አንሺዎች እየመጡ ሥራቸውን ያሳዩኛል። ጣቴን የማሳርፍበት ካገኘሁ እናገራለሁ፤ ካላገኘሁ ዝም እላለሁ። ጣታቸውን ሲያሳርፉብኝም እጄን ወደ ኋላ አጣምራለሁ። የፎቶ አስተያየት ፎቶው ላይ ነው የሚሰጠው፤ ጀርባው ላይ ባለው ስም አይደለም።