ማተቡን ያላየሁት ሰው

የልጅ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲው ለክረምት ሲዘጋ ከአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገብታ ትሠራለች። እሑድ እሑድ ስትመጣ የሥራ ወሬዋን ታመጣልኛለች። ባለፈው ስለ ዶሮ አጫወተችኝ። ታጥቦ፣ ተገነጣጥሎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ ከፍሪጅ ይወጣል አለችኝ።

«ማን አረደው?» አልኳት።

«ማሽን ነው መሰለኝ፣ እምዬ።»

«ማሽኑ ማተብ አለው?»

ከበርጩማው ላይ ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ይችን ጥያቄ በጊዜዋ ባለመጠየቄ አንድ ክረምት ጉድ ልሆን ነበር።

ዶሮ ማረድ የወንድ ሥራ ነው። ይህን ማን እንደ ወሰነ አላውቅም፤ ዶሮዋ እንዳልተጠየቀች ግን እርግጠኛ ነኝ። ሴት ሽንኩርቱን ትከትፋለች፣ ታቁላላለች፣ ላባውን ትነጫለች፣ ዐሥራ ሁለት ብልት አድርጋ ትገነጥላለች። ቢላዋው የዶሮዋ አንገት ላይ የሚያርፍባት ያች አንዲት ቅጽበት ስትመጣ ግን ወንድ ይፈለጋል። ባል ከሌለ ጎረቤት ይጠራል። ጎረቤት ከሌለ ሴትዮዋ በአንድ እጇ ዶሮ፣ በአንድ እጇ ቢላዋ ይዛ በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ትለምናለች። በልጅነቴ እናቴን «ወንዶች ለምን ተፈጠሩ?» ብዬ ብጠይቃት የሰጠችኝ መልስም ይኸው ነበር።

ያን ክረምት ዐሥራ አምስት ይሁን ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እኛ ቤት ዕድሜዋ የሚቆጠርላት ጊደር እንጂ ሴት ልጅ አልነበረችም። አባቴ ለመስከረም ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ ጨርሷል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ከበሬዎቹ ጋር ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፣ ሸጋ ጨዋታ ያውቃል። ከሰው ጋር ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም። እናቴ መላ ዘየደች። ጎንደር ከተማ ከአንድ ምግብ ቤት የወጥ ቤት አለቃ የሆነች ዘመድ ነበረቻት። «ለክረምቱ ወጥ ተምራ ትምጣ፣ ለባሏ ይጠቅማል» ብላ አባቴን አሳመነችውና ከአገራችን ከኮሶዬ በጭነት ማኪና፣ ከድንች ጆንያ ላይ አስቀምጣ ላከችኝ።

ዘመዳችን ሰፊ ሴት ነበረች፤ በትከሻም በድምፅም። ሁሉም እትዬ ይላታል። ገና እግሬ እንደ ገባ እንዲህ አለችኝ፦

«የፍልሰታ ጾም እስኪፈታ አይሻለሁ። ካላሳፈርሽኝ በቋሚ ትገቢያለሽ፤ አባትሽንም እኔ አናግራለሁ። ካሳፈርሽኝ በመጣሽበት ማኪና ትመለሻለሽ። ድንቹ የለም እንጂ ጆንያው ይኖራል።»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ አስተናጋጆቹ ሴቶች፣ ሽንኩርት ከታፊዎቹ ሴቶች። በግቢው የነበረው ወንድ ዘበኛው ብቻ ነው፤ ከድመቱ በቀር። እኔን በስሜ የጠራኝ የለም። «ኮሶዬ!» ነበር የሚሉኝ፤ ኮሶዬ ሽንኩርት፣ ኮሶዬ ውኃ፣ ኮሶዬ አመዱን ዛቂ።

ስለዚያ ወጥ ቤት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በጾሙም ቢሆን ፍስክ የሚበላ እንግዳ አይጠፋም ነበር። እኛ ጿሚዎቹ ሥጋውን እንሠራለን እንጂ አንቀምስም። እትዬ ጨዉን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነበር። ክዳኑን ከፍታ እንፋሎቱን ትስብና «አንሷል» ትላለች። አንድም ቀን ስታ አታውቅም። ቢሆንም ለጥንቃቄ ዘበኛው ይጠራል። አያ ዘበኛ ጨጓራ ስላለበት ጾም እንደማይስማማው ይናገራል። ጨጓራው ሽሮ አይወድም፤ ቅቅልና ጥብስ ግን ይወዳል። «እስኪ ድገሚኝ፣ በመጀመሪያው ጨዉን አላገኘሁትም» ይላል፣ ማንኪያውን እየላሰ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጾሙ አለቀና የፍቺው ዋዜማ ደረሰ። አንድ ነጋዴ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን ካህናት እኛ ቤት ሊያበላ አሥር ዶሮ አዟል። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ይቁላላል። ዓይናችን ልቅሶ ቤት የዋለ ሰው ዓይን መስሏል። ዶሮዎቹ ታስረው ጓሮ ተቀምጠዋል። ከምሳ በኋላ እትዬ ዘበኛውን ብትጠራ የለም።

«የት ሄደ?»

«የንስሐ አባቱ ዘንድ» አለች አንዷ ሽንኩርት ከታፊ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥጋ ሲቀምስ የከረመ ሰው፣ በመጨረሻዋ ቀን፣ ያውም በምንፈልገው ሰዓት፣ ነፍሱ ጎረበጠችው!

«አንች ኮሶዬ» አለች እትዬ፣ «ውጭና ወንድ ፈልጊ።»

«ምን ዓይነት ወንድ፣ እትዬ?»

«እጅ ያለው።»

«ትርፍ ከተገኘ ለኔም አንድ ያዥልኝ!» አለች ከታፊዋ፤ ወጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ውጭ የነሐሴ ዝናብ ይወርዳል። ሻሼን እስከ ግንባሬ አውርጄ፣ ዳርና ዳሩን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ጆንያ እንደ ገሣ ደርቤ፣ በአንድ እጄ ሁለት ዶሮ ዘቅዝቄ፣ በአንድ እጄ ቢላዋ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ ጥላ የያዙ ቄስ መጡ።

«አባ፣ ዶሮ ይረዱልኝ።»

«እኔ ማዕድ የምባርክ ነኝ፣ ልጄ። የነገው ግብዣ እዚህ ቤት ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«እንግዲያስ በርበሬውን እንዳታሳንሱት» ብለውኝ አለፉ።

ቀጥሎ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ተማሪ መጣ። ቢላዋውን ሲያይ ወደ ማዶ ተሻገረ። ሦስተኛው ጋቢውን እስከ ቅንድቡ የተከናነበ፣ ጢሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ፊቱ ደግ ሰው ነበር።

«አያ፣ በሞቴ፣ ዶሮ ይረዱልኝ።»

«ስንት ናት?»

«አሥር።»

«አሥር! ምነው፣ ሠርግ ነው?»

«እንዳይሆን ብዬ ነው የምሯሯጥ።»

ነገሩ ባይገባውም ሳቀ። ገብቶ እጁን ታጠበ። ዶሮዋን ተቀብሎ ክንፏን በእግሩ ረገጠና ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ኮሶዬ መንገድ አዞረ። ከነፋሱ የሸሸ መሰለኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ያው ሲያርድ የማይጸልይ የለም። ከዚያ በኋላ ደም ስለምፈራ ዓይኔን ጨፍኜ ዶሮ ማቀበል ሆነ ሥራዬ። አሥሩንም ጨረሰ።

ጠላ ባመጣለት «ይሄን አልጠጣም ልጄ፣ ሻይ ካለ» አለኝ። በዚያ ብርድ ጠላ የሚመልስ! ምን ያለ ጾመኛ ነው ብዬ አደነቅሁት። ሻዩን እትዬ ራሷ ይዛ ወጣች፣ ልታመሰግነው። ሊጠጣ ሲል ጋቢውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገው።

ራሱ ላይ ነጭ ቆብ አለ። አንገቱ ላይ ምንም የለም።

እትዬ አንገቱን አየች። እሱም የሷን አንገት፣ ጥቁሩን ክር አየ። ሻዩ በመካከላቸው ቀረ።

«አያ… ማተብዎስ?»

«የምን ማተብ? እናንተ… የኛ ወገን አይደላችሁም?»

«ኧረ በማርያም!»

«ልጅቱ ተሸፋፍና ስትለምነኝ የሙስሊም ልጅ መሰለችኛ! ዝናብ ላይ የቆመች ልጅ አንገትሽን አሳይኝ ይባላል?»

ሻሼን ፈትቼ ማተቤን ጎትቼ አወጣሁ። እትዬ ገላመጠችኝ። «አሁን? አሁን ነው የምታወጭው?»

እኛ አገር ክርስቲያንና እስላም አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ይድራል፣ እሳት ይጫጫራል። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ቢላዋው ለየብቻ ነው። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውንም እስላም አይበላም። እኔ ደግሞ ለካህናት ማዕድ፣ ለጾም ፍቺ፣ አሥር ዶሮ ሙልጭ አድርጌ አሰልሜ ቁጭ ብያለሁ።

ጫጫታውን ሰምታ ባለቤቷ መጣች። ነገሩን ሰማች፣ ዶሮዎቹን አየች፣ ትንሽ አሰበች።

«ይሠራ» አለች። «ዶሮ ድስት ከገባ ወዲያ ሃይማኖቱን አይናገርም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንችም አፍሽን ከዘጋሽ እንጀራሽን ትበያለሽ።»

እትዬ መሬት መሬት ታያለች። ሰውየው «የሷን ቤት እሷ ታውቃለች» ብሎ ሻዩን አስቀመጠ። ዝም ብል ከተማ እቀር ነበር፤ በሬዎቹም ከነጌታቸው እዚያው ይቀሩልኝ ነበር። ጽድቅ አስቤ እንዳይመስላችሁ። በርበሬውን እንዳታሳንሱት ያሉኝ አባ ትዝ አሉኝ። ነገ እጅ የማስታጥባቸው እኔ ነኝ። የኔ ፊት ደግሞ ከተፈጠረ ጀምሮ ምስጢር ይዞ አያውቅም፤ ገና ውኃውን ሳላፈስ ያወጣዋል።

«እለውጣቸዋለሁ» አልኩ።

«ምኑን በምን?» አለች ባለቤቷ።

«የታረደውን በቁሙ።»

ከታፊዎቹ ከት ብለው ሳቁ። ሰውየው ግን ጢሙን አሸት አሸት አደረገና «እኛ ሰፈር፣ አዲስ ዓለም፣ ዶሮ ያለው ቤት ሞልቷል። ያረድኩት እኔ መሆኔን ካወቁ ይበላሉ። ነይ» አለኝ።

ባለቤቷ «ገንዘብ እንዳትጠይቂኝ እንጂ» ብላ ገባች፤ እትዬ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። «ሳይመሽ አሥሩንም በቁማቸው ይዘሽ ከመጣሽ መጣሽ። ካልመጣሽ በዚያው የኮሶዬ ማኪና ፈልጊ።»

እሱ አምስት፣ እኔ አምስት ተሸክመን እስላሞቹ ሰፈር፣ አዲስ ዓለም ገባን። በየበሩ እያንኳኳን ነገሩን እሱ ይጀምራል፣ እኔ እጨርሳለሁ፣ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይይዛሉ።

«አያ፣ ለቄሶቹ ማረድ ጀመርክ? ምነው ጥምጣሙስ?» አለችው አንዷ።

«ዝም በይና ዶሮሽን አምጭ።»

ሌላዋ ነጭተሽ ከሰጠሽኝ አለች፤ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብዬ ነጨሁላት። አንዷ አንድ ሽማግሌ አውራ ዶሮ በሁለት እጇ ገፍታ ሰጠችኝ። «በእኩለ ቀን እየጮኸ ሰፈሩን ያሳበደ ነው። ውሰጅው፣ ጽድቁ ለአንችም ይተርፋል።» የሰጡኝን አላማረጥኩም። ከሲታም፣ አንካሳም፣ ጅራተ ቢስም ተቀበልኩ። ዘጠኝ ሞላ። አሥረኛዋን ፍለጋ ስንት ደጅ ቆምን፤ የለም፣ የለም፣ ተሸጧል። ፀሐይዋ ከደመናው ሥር ብቅ ብላ ልትጠልቅ ስታዘቀዝቅ ሳይ ድንች ድንች ሸተተኝ።

ሰውየው ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ በር ላይ ነበረች። እሱ ገብቶ ቀይ ቄብ ይዞ ወጣ።

«እሷን? ትናንት ዕንቁላል የጀመረችውን?»

«ያረድኩት እኔ ነኝ፣ ምን ላድርግ።»

ሚስቱ እሱን አየች፣ እኔን አየች። ጆንያዬ ይንጠባጠባል፣ አፍንጫዬም እንደዚያው። የታረደችዋን ተቀበለችና ባሏ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«እንግዲያስ አንተው ንጫት።»

ወደ ኋላ ዞሬ ሳየው ያ ሁሉ ጢም ያለው ሰው ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ላባ ይነጭ ነበር።

ግቢያችን ስደርስ ዘበኛው ተመልሷል። ፊቱ እንደ ታጠበ ሰሃን ያበራል። «ተፈታሁ ልጄ፣ ንጹሕ ሁኛለሁ» ይላል። እትዬ ዶሮዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው። አውራ ዶሮው ላይ ስትደርስ ሳቋን ዋጠችው። ቢላዋውን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ለዘበኛው እንዳቀብል።

«አያ» አልኩት፣ «ማተብዎን ያሳዩኝ።»

«ምነው ልጄ? ከሐምሌ ጀምሮ የምታውቂኝ!»

«ያሳዩኝ።»

ካፖርቱን ፈቶ አሳየኝ። አሥሩም ሲታረዱ ዓይኔን አልጨፈንኩም።

በማግስቱ ካህናቱ መጡ፣ ባረኩ፣ በሉ። እንደነሱ የጾመ ሰው አላየሁም፤ እንደነሱ የፈታም አላየሁም። የአውራ ዶሮው እግር የደረሳቸው እኒያው በርበሬ ወዳዱ አባ ናቸው። ብዙ አኘኩ። ከዚያ ቀና ብለው፦

«ይህ ዶሮ ዕድሜ የጠገበ ነው» አሉ።

«ድምፁም ሸጋ ነበር፣ አባ» አልኩ። እትዬ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ሲጨርሱ ድስት ሳጥብ እትዬ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «ነገ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ይገባል» አለች።

«ነገ?»

«ከነገ ወዲያም።»

ለአባቴም ለኮሶዬ በሚወጣ ሾፌር ላከችበት፤ «ሥራ ስለበዛ ልጅህ አትመጣም፣ ለሰውየው ሌላ ፈልግለት።» ፈለገለት። ከሷ ጋር ያወራል አሉ፤ እግዜር ያጥናት።

እዚያ ወጥ ቤት ብዙ ዓመት ሠራሁ። ያ የአዲስ ዓለም ሰው በጾም ፍቺ ዋዜማ፣ ያው ዘበኛው ንስሐ ሲሄድብን፣ በኛ በር ያለፈ እንደሆነ፣ ገና ከሩቅ፣ ዝናብም ቢሆን ጋቢውን ከራሱ ላይ አውርዶ ቆቡን ያሳየኛል። እኔም ዶሮዬን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ማተቤን ከአንገቴ መዝዤ አሳየዋለሁ። «ቄቧስ?» ይለኛል። «ካህናቱ በሏት» እለዋለሁ። እየሳቀ ያልፋል፤ እኔም የሚቀጥለውን ወንድ እጠብቃለሁ።