ሦስት ጎን ያለው ቄጠማ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዕፅዋት መምህር ነኝ። ዘንድሮ በቀዳም ሥዑር፣ ለተማሪዎቼ ናሙና የሚሆን ቄጠማ ፍለጋ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ወጣሁ። ብርዱ ስለማይቻል ጋቢ ተከናንቤያለሁ፤ ጢሜንም ከተላጨሁ ቆይቻለሁ። ጨፌው ላይ ያለውን ሁሉ አጭጄ፣ ነዶውን ታቅፌ ስመለስ አንዲት እናት ከደጃቸው ወጥተው ግንባራቸውን ሰጡኝ። ቀኑ ካህናት በየቤቱ እየዞሩ ቄጠማ ግንባር ላይ የሚያስሩበት መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

«ይሰሩልኝ አባቴ።»

«እማማ፣ ቄስ አይደለሁም። ይሄ ለትምህርት ነው» አልኩና አንዱን አገዳ አስነካኋቸው። «ያው፣ እንደ ሣር ክብ አይደለም፤ ሦስት ጎን አለው። ቅጠሉም በሦስት ረድፍ ነው የሚወጣው።»

«አንድም ሦስትም!» ብለው አማተቡ። «ውስጡስ?»

«ድፍን ነው። አንጓም የለውም።»

«እንዲህ አድርጎ ያስተማረን የለም!» አሉና ጎረቤቱን ጠሩ።

ሰው ተሰለፈ። በበዓል ዋዜማ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝና ማሰር ጀመርኩ። ነዶው ሲጋመስ እውነተኛው ቄስ ያለ ቄጠማ፣ ቃጭል ብቻ ይዘው መጡ። የታሰረውን ግንባር ሁሉ አዩ፤ እኔንም አዩ።

«ጨፌውን የላጨኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባ።»

ቃጭላቸውን አቀበሉኝ።

«በል ቅደም፤ የታችኛው መንደር እየጠበቀ ነው።»