የዋልዳው ፎቶግራፍ ባለቤት

እናቴ ኬንያ ውስጥ በነበረው በዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ፊደል ታስተምር ነበር። ካምፑ ከተዘጋ በኋላ ድንበር ላይ ወዳለችው ሞያሌ መጥተን በኬንያው በኩል ማንያታ ሰፈር ቤት ያዝን፤ እሷም ልባሽ ጨርቅ መሸጥ ጀመረች። ሰው ግን «ቲቸር» ማለቱን አልተወም።

እኔ አድጌ እዚያው ሞያሌ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ያኔ ስልክ ላይ ኢንተርኔት እንደ ልብ መገኘት ጀምሮ ነበርና በጎ ፈቃደኞች በነጻ የሚጽፉትን የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ማንበብ ልማዴ ሆነ። በአማርኛው ክፍል ዋልዳን ብፈልግ አንዲት መስመር እንኳ አላገኘሁም። ቅር አለኝ። ራሴ ልጻፈው ብዬ አንድ ድረ ገጽ ላይ ያገኘሁትን ጽሑፍ እንዳለ ተርጉሜ አስገባሁ።

በማግስቱ ስከፍተው የለም፤ ተሰርዟል። ከአርታኢዎቹ አንዱ፣ በየትኛው አገር እንደሚኖር የማላውቀው ሰው፣ መልእክት ትቶልኛል።

«ስለ ዋልዳ ለመጻፍ በመነሳትዎ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የሰው ጽሑፍ ቢተረጎምም የዚያው ሰው ነው። ፍሬ ነገሩን ወስደው በራስዎ አባባል ይጻፉት፤ ከየት እንዳገኙትም ይጥቀሱ።»

በራስዎ አባባል ከተባልኩማ ብዬ ወደ እናቴ ሄድኩ። ልብስ እያጣጠፈች ነገረችኝ፤ ክፍሉን በምን እንደሠሩት፣ ልጆቹ በካርቶን ቁራጭ ላይ እንዴት ይጽፉ እንደነበር። ሁሉንም ጽፌ አስገባሁ። አሁን ደግሞ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ምንጭ ይጠቀስ» የሚል ምልክት ተደረገበት።

«ምን አሉ?» አለችኝ እናቴ።

«ምንጭ የለውም አሉ።»

«ዋልዳ ምን ምንጭ አለና! ውኃ በቦቴ አይደል እንዴ ይመጣልን የነበረው!»

ሳቄ አላናግር አለኝ። «እሱን አይደለም እማ። ወሬውን ከየት አመጣሽው ነው የሚሉኝ።»

«ከእኔ ነዋ! ከእኔ በላይ ዋልዳን የሚያውቅ የትኛው መጽሐፍ ነው?»

ይህንኑ ለአርታኢው ጻፍኩለት። መልሱ ጨዋ ነበር። «እናትዎን አምናቸዋለሁ። አንባቢ ግን እሳቸው ዘንድ ሄዶ ማመሳከር አይችልም። ታትሞ የወጣ ነገር እንፈልግ።» ፈለገም። ስለ ስደተኞች የተጻፈ አንድ ጥናት አግኝቶ ዋልዳ የተነሳበትን ገጽ አመለከተኝ። ከእሱ አንድ አጭር አንቀጽ ወጣ። ሳነብላት እናቴ ፊቷ ጠቆረ።

«በቃ? ያ ሁሉ ኑሯችን ይችው ናት?» አለች። ወደ ግድግዳው ቀና ብላም፣ «እንግዲያው ፎቶውን አስገቢበት።»

ግድግዳችን ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ነበር። እሷ ሰሌዳው አጠገብ ቆማለች፤ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ማን ነው ብዬ ስጠይቅ አርታኢው የሥራው መብት የአንሺው ነው አለኝ። ለእናቴ ይህ ሊገባት አልቻለም። «ፊቱ የእኔ፣ ግድግዳው የእኔ!»

አንሺው ካሜራውን አንግቶ በካምፑ ሲዞር የነበረ ቦረና ነው። አሁን አርጅቶ ቦሪ በምትባል መንደር ከብት ያረባል አሉን። በፒኪፒኪ ሄድን። እናቴ ሞተር ላይ ተቀምጣ ስትጮህ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌው ከሩቅ አወቃት። «ቲቸር! አለህ እንዴ?» አላት፤ አማርኛው በንግድ የተማረው ስለሆነ ወንድና ሴት አይለይም። ፎቶውን አሳየሁትና ፈቃድ ፍለጋ እንደመጣን ነገርኩት።

«ሩሁሳ ከእኔ?» አለ፤ ፈቃድ ማለቱ ነው። «ፎቶ ሰጥቼ የለ?»

«ወረቀቱን ነው የሰጡን አባ፤ ሥራው የእርስዎ ነው። ከፈቀዱ ግን ማንም ሰው፣ የትም አገር፣ ሊጠቀምበት ይችላል። ሊሸጠውም ይችላል።»

«ሊሸጥ?» ፊቱን አኮሳተረ። ዓይኑን ወደ ከብቶቹ መለሰ። «ስሜስ?»

«የተጠቀመበት ሁሉ ስምዎን መጻፍ ግዴታው ነው።»

ያኔ ፊቱ በራ። ከፎቶዎቹ ሁሉ ስሙ የተጻፈበት አንድም እንደሌለ ነገረን። ፈቃዱን የሚልክበት ኢሜይል ስላልነበረው እዚያው ዛፍ ሥር ከፈትኩለት። የይለፍ ቃል ይምረጡ፣ ለማንም አይንገሩ ስለው የሚወዳትን ላም ስም ጮክ ብሎ ተናገረ። ላሟም ቀና አለች። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ፎቶው ተቀባይነት አግኝቶ ከአንቀጹ ጎን ወጣ። ከሥሩ የሽማግሌው ስም አለ፤ የእናቴ ስም የለም፤ ስለ እሷ የተጻፈ ነገር አልተገኘማ። ቅር እንዳትሰኝ ፈርቼ ነበር። ፎቶውን በጣቶቿ እያሰፋች ልጆቹን አንድ በአንድ ስታይ ዋለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ በገጹ መወያያ ላይ አንድ ሰው ጻፈ። «ከፊት የተቀመጠው፣ ሸሚዙ ቁልፍ የሌለው ልጅ እኔ ነኝ። መምህሬ በሕይወት አለች?» አርታኢው ከሥሩ፣ «ይህ ወደ ጽሑፉ ሊገባ አይችልም፤ ከዚህ ገጽ ላይ ግን አላጠፋውም» ብሎበታል።

ሰውየው ከኢትዮጵያ ወደ ናይሮቢ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ኖሯል። ለዓመታት በሞያሌ ሲያልፍ ከቤታችን ጥቂት ራቅ ብሎ ነው የሚያድረው። ተጻጽፈን አንድ ቀን ከቀትር በፊት መጣ፤ ጎፈሬው የሸበተ ትልቅ ሰው። በሩን ሲገባ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል እናቴ አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው።

«ጠመኔ ትበላ የነበርከው አንተ አይደለህ?»

«እኔ አይደለሁም ቲቸር። ያ ሌላው ነው።»

«አንተ ነህ!»

«እሺ፣» አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ እየሳቀ፣ «አንዳንዴ።»

ምሳ ሳይበላ አልለቀቀችውም። ከዚያ ወዲህ በሞያሌ ባለፈ ቁጥር መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ አቁሞ ወደ እኛ ሳይገባ አያልፍም።