ወንድሜ አይደለም ያልኳት ዕለት

ነገሩ የደረሰብኝ በዘጠናዎቹ ዓመታት አጋማሽ፣ ካርቱም ዴም ሰፈር ስኖር ነው። በስደት ብዙ ክፉ ነገር አይቼ ረስቻለሁ። ይሄኛው ግን የመጣብኝ አምኜ ቤቴ ካስገባኋት ሰው ስለሆነ ከሆዴ አልወጣ ብሏል።

አል-ጣኢፍ የሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት እየሠራሁ የምገባው ከሰይድ ጋር ወደተከራየነው ቤት ነበር። ሰይድን ያወቅሁት በመተማ ስንሻገር ነው። መንገድ ላይ ወባ ሲጥለኝ ሌሎቹ ጥለውኝ ሄዱ፤ እሱ ተሸክሞኝ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ አልኩት፣ እህቴ አለኝ። የሥጋ ዝምድና ግን የለንም። አከራያችን ሐጃ ላልተጋቡ ወንድና ሴት ቤት ስለማትሰጥ የአንድ እናት ልጆች ነን ብለናት ዓመታት በሰላም ኖርን። እኔንማ "ቢንቲ" እያለች እንደ ልጇ ነበር የምትጠራኝ።

ካርቱም ያደገች ሂሩት የምትባል የአገራችን ልጅ ቤታችን መመላለስ ጀመረች። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የሰውን ባህልና የቤተሰብን ነገር ነው፤ ሀበሻ በስደት እንዴት እንደሚዛመድ ላጥና አለችን። አብረን በላን፤ ፀጉሯን ሠራሁላት።

አንድ ጁምዓ "ሰይድ በእናት ነው በአባት ወንድምሽ?" ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት።

"ሐጃ እንዳትሰማ፤ ሜዳ ላይ ነው የምንወድቀው" አልኳት።

"ወላሂ ከአፌ አይወጣም!" አለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ስመለስ ዕቃችን ደጅ ተከምሯል። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ፍራሽ ይጠቀልላል። ሐጃ በሩ ላይ ቆማለች።

"ልጄ ስልሽ ቤቴ ውስጥ ባዕድ ወንድ ታስቀምጪያለሽ? ያላ፣ ውጡልኝ!"

ለካ ሂሩት፣ "ወንድምና እህት አለመሆናቸውን ብታውቂ ኖሮ ታከራዪአቸው ነበር?" ብላ ጠይቃታለች።

ሂሩት እዚያው ነበረች። "ምን አድርጌሽ ነው?" አልኳት።

"ለጥናቱ የሷም መልስ ያስፈልገኝ ነበር" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አሁን ማን ዘንድ ነው የምትጠጉት? የምትጠጉበትንም ለጥናቴ ባይ ጥሩ ነበር" አለችኝ።

"ሂጂልን በቃ" ያላት ሰይድ ነው።

ሰይድ ከወንዶች ጋር ሌላ ሰፈር ገባ፤ እኔም አሠሪዎቼ ቤት፣ ኩሽና ውስጥ ማደር ጀመርኩ። ከዓመታት በኋላ ሳገባ ወንድም ሆኖ የዳረኝ ግን እሱ ነው።

ሐጃን ይቅር ብያታለሁ፤ ዋሽተናታል፣ ተቆጣች። ሂሩት ግን ምን እንደሚደርስብን እያወቀች ነው የጠየቀቻት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።