ማሚ የመጣች እሁድ

ከደሴ የወጣሁ ለት፣ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያው በር ላይ፣ እማዬ ቀና ብላ ልትስመኝ አልቻለችም። ጀርባዋ ጎብጧል። እኔ ጎንበስ ብዬ ተሳምን። «ብርድ ነው» አለች። መቼም ታውቃላችሁ፣ እኛ አገር ወገብ ቢያም ብርድ፣ ሆድ ቢቆርጥም ብርድ ነው። ሐኪም ቤት ሂጂ ስላት፣ «መጀመሪያ አንቺ በሰላም ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። እሷ ግን አልሄደችም።

አሁን አርሊንግተን ነኝ። ዲቪ ሲደርሰኝ አሜሪካ ሁሉ ባቡር ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ አውቶቡስም የለ። ሶ፣ በሰው መኪና ራይድ ለምኜ ጎረቤት ከተማ ፎርት ወርዝ እሄዳለሁ፣ አንድ የራጅ ማእከል አጸዳለሁ። በበጋ ውጭው የሎጊያ ቃጠሎ ነው፤ ውስጡ በኤሲው ብርድ የጦሳ ተራራ አናት።

አርብ ዕለት ሱፐርቫይዘሬ፣ እሁድ ማሚ ስለምትመጣ ክፍሉን አዘጋጂ አለኝ። የማእከላችን የዶክተሯ እናት መስላኝ እሁድ ማለዳ አዲስ አንሶላ አነጠፍኩ፣ ብርድ ልብስ አሞቅኩ። በሣጥን መጣች። በጨርቅ የተጠቀለለች የጥንት ግብፅ ሬሳ። ለካ ይሄንንም ማሚ ይሉታል። በምን ታማ እንደነበርና እንዴት እንዳደረቋት፣ ጨርቋን ሳይፈቱ በሲቲ ስካን ሊያዩ ነው። ብርድ ልብሴን እንደታቀፍኩ ቀረሁ።

ቴክኒሻኑ ኮምፒውተሩን ይሳደባል፤ የልደት ቀን ካልተሞላ ፋይል አልከፍትም ብሎታል።

«ጃንዋሪ አንድ በላት» አልኩት። «ልደታችንን ስለማናውቅ፣ ስንመጣ ግማሾቻችንን እንደዚያ ነው የመዘገቡን።»

ጻፈው፤ ተከፈተ።

ስክሪኑ ላይ ሆዷ በጨርቅ ተጠቅጥቋል፤ አንጎሏን በአፍንጫዋ አውጥተውታል። የዶክተሯ ዓይን ግን ጀርባዋ ላይ ቆመ። ሁለት የአከርካሪ አጥንት ተበልቶ ተደርምሷል፣ ሴትዮዋ ጎብጣለች። እማዬን ቁጭ።

ብርድ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ዶክተሯ ሳቀች፣ ግብፅ እኮ በረሃ ናት አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወችው። ቲቢ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳል ሳይኖርም አጥንት ይበላል፣ ዛሬ ዛሬ ግን በመድኃኒት ይድናል አለችኝ።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ለእማዬ ደወልኩ። እንዳንቺ የጎበጠች ሴትዮ መጥታ ብርድ አይደለም ተባለች፣ ራጅ ተነሺ ብዬ ለመንኳት። ሞታ ስንት ሺህ ዓመት እንደሆናት አልነገርኳትም።

«ሴትዮዋስ ዳነች?» አለችኝ።

«ዘግይታ ነው የመጣችው።»

ማክሰኞ ሆስፒታል እሄዳለሁ አለች። ከልቧ ይሁን እኔን ለመገላገል አላወቅኩም።

ይኸው ማክሰኞ ነው። ስልኳ ይጠራል፤ አይነሳም። ሄዳ ይሆናል።