የጋሽ ወልዴ አዲስ ኮምፒውተር

ሥራ የጀመርኩ ቀን አንድ ሰው በልቤ ሰደብኩ። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ፣ ሁለት ክፍል ያለው የኮምፒውተር መጠገኛ ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር። ቴክኒሻኑ ግርማ ዓይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ ተቀምጧል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከታች ያለው ወርቅ ቤት ባለቤት ጋሽ ወልዴ፣ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡ። «ኖር!» ብዬ ብድግ አልኩ። ፕሪንተር ጠጋኙ ከድርም ተነሳ። ግርማ አፉ «ኖር» አለ እንጂ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

ባለጌ፣ አልኩ በልቤ። ባለጌውን ከሁለት ዓመት በኋላ አገባሁት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ካቻቢቴ ሰጠኝ። «መጻፍ እንደምትችይ ነግረውኛል፤ መፍታትስ?» አለኝ። የአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ክዳን ፈትቼ ብሎኖቹን ጠረጴዛው ላይ በተንኳቸው። አንዱ ተንከባሎ ጠፋ። ሦስታችንም ተንበርክከን ወለሉን ዳበስን፣ አላገኘነውም። ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ እዚያ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ግርማ አንድ ባዶ የቅባት ቆርቆሮ አምጥቶ «ብሎን እዚህ፣ እግር ጫማ ውስጥ» አለኝ። ቆርቆሮው ሲከፈት ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። የምን ቅባት እንደነበረ አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ ብሎን የምናስቀምጠው እዚያ ውስጥ ነው።

ዓመታት አለፉ፣ ሱቁም የእኛ ሆነ። እኔ ዊንዶውስ እጭናለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣ ራም እቀይራለሁ፣ ደንበኛ አነጋግራለሁ። ከድር ፕሪንተሮቹን ይዟል። ባዮስ ማደስ ግን የግርማ ብቻ ነበር። ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃ፣ ማዘርቦርዱ በሚባለው ዋናው ሰሌዳ ላይ የተቀመጠ አጭር ፕሮግራም ነው። እሱ ካልነቃ ሌላው ሁሉ አይነቃም። ግርማ የሚያድሰው ጠዋት ጠዋት ነው፤ መብራት የሚቆራረጠው ከሰዓት ነው ይል ነበር። ጋሽ ወልዴም የሚመጡት ጠዋት ነው።

አንድ ጠዋት የንስሐ አባታችን ገቡ። ግርማ አሁንም አልተነሳም። ለምሳ ቤት ስንገባ አልማርኩትም።

«ለንስሐ አባትህ እንኳ አትነሳም?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«አንዴ ብድግ ብለህ ብትቀመጥ ምን ይቀርብህ ነበር?»

«ኮምፒውተሩ» አለኝና ምሳውን መብላት ቀጠለ። ሊያሾፍብኝ መሰለኝና የባሰ ተናደድኩ።

ግርማ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ታላቅ ወንድሙ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ለነገር አይዘገዩም። «ጽጌ፣ አንቺ ጸሐፊ ነሽ። ሱቁን ለሽቶ ነጋዴ እናከራየውና ቤትሽ ዕረፊ» አሉኝ። ያን ሰሞን ጋሽ ወልዴ ኮምፒውተር አዘውኝ ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ የቀለበት ንድፍ ስክሪን ላይ እያዞሩ ማየት አምሯቸዋል። ስለዚህ ወንድሙን «አንድ አዲስ ኮምፒውተር ብቻዬን ልገጣጥም፤ ሐሙስ ከሰዓት ይምጡ። ካልሠራ የሱቁን ቁልፍ አስረክብዎታለሁ» አልኳቸው።

ረቡዕ ገጣጠምኩት። ፕሮሰሰሩን ሳልጫነው መቀመጫው ላይ አሳረፍኩ፣ የሙቀት ቅባቱን የምስር ፍሬ አሳክዬ አደረግኩ፣ ማራገቢያውን አሰርኩ፣ ሁለት ራም ሰካሁ። በራ! ግን ከሁለቱ ራሞች አንዱን ብቻ አየ። ቦታ ለዋወጥኳቸው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ማዘርቦርዱ መደርደሪያ ላይ የከረመ ስለሆነ ባዮሱ አሮጌ ነበር። መታደስ አለበት።

ሐሙስ ጠዋት፣ እድሳቱ መሃል መብራት ቢጠፋ ባዮሱ ይበላሻል ብዬ ኮምፒውተሩን ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ላይ ሰካሁት። እድሳቱን አስጀምሬ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። አርባ በመቶ ሲደርስ ደረጃው ላይ ከዘራ ሰማሁ። ጋሽ ወልዴ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ኖር!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ከዩፒኤሱ የሚመጣው ገመድ ጫማዬ ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ እሱም ለጋሽ ወልዴ አብሮኝ ተነሳ። ስክሪኑ ጠቆረ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ደረሰልኝ?»

«ትንሽ ይቀረዋል ጋሽ ወልዴ። ከምሳ በኋላ ቢመለሱ።»

ወጡ። ገመዱን መልሼ ሰካሁና አበራሁት። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ከድር አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ገመዱን አየ።

«ወላሂ ጽጌ፣ መብራት ይጠፋል ብለሽ ስትሰጊ ቆይተሽ ራስሽ አጠፋሽው። የፒያሳ ልጅ በገመድ ይጠለፋል?»

«ዝም በል፣ ላስብበት።»

«ዝም ብያለሁ። ሽቶ ነጋዴው ሲመጣ ለኔ ፕሪንተሮች ጥግ ይተውልኝ እንደሆነ እያሰብኩ ነው።»

የምናውቀውን ሁሉ ሞከርን። የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ አውጥተን ቆይተን መለስን፤ ምንም የለም። አንዱን ራም ነቅለን በሌላው ብቻ አስነሳን፤ ምንም የለም። ስክሪኑንና ገመዱን ቀየርን። ሰው ከጨነቀው ደህናውን ሁሉ ይቀይራል።

ከዚያ መመሪያውን አንስቼ እንደ ጸሐፊ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። ከማዘርቦርዱ ጀርባ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ባዮሱ ሲበላሽ የባዮሱን ፋይል ፍላሽ ላይ አድርጎ፣ መመሪያው ያዘዘውን ስም ሰጥቶ፣ ምልክት ያለበት ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ቁልፏን ሦስት ሰከንድ መጫን ነው። ስክሪን አያስፈልግም። ቁልፏ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ስትጨርስ ትጠፋለች።

ተጫንኳት። ሦስት ጊዜ ብልጭ ብላ በርታ ቀረች፤ መመሪያው እንደሚለው አልተቀበለችም ማለት ነው።

«አፈጠጠችብሽ» አለ ከድር።

ፍላሹ አዲስና ትልቅ ነበር፤ ቁልፏ የምትቀበለው በቆየው አሠራር የተሰናዳ ፍላሽ ነው። ከሱቁ ቁልፍ ጋር የተንጠለጠለችውን የግርማን ትንሽ ፍላሽ አወጣሁ። ውስጧ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ገለበጥኩ፣ ባዶ አድርጌ አሰናዳኋት፣ ፋይሉን ጫንኩ፣ ሰካሁና ቁልፏን ተጫንኩ። መብራቷ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ ማለት ጀመረች፤ አላቆመችም። ገመዱን ከእግሬ አራቅኩ።

ያኔ ደረጃው ላይ ከዘራው ተሰማ። ከኋላው ሌላ የእግር ኮቴ አለ። ጋሽ ወልዴና የግርማ ወንድም ተከታትለው ገቡ።

ከድር ግማሽ ተነስቶ ነበር፤ እጅጌውን ይዤ አስቀመጥኩት። «ኖር» አልኩ ቁጭ እንዳልኩ። ፊቴ ጋለ። ለሁለት ሽማግሌ ሳልነሳ የተቀመጥኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። የግርማ ወንድም ግንባራቸውን ቋጠሩ።

ጋሽ ወልዴ ግን አዘኑልኝ። «ጉልበትሽን ጀመረሽ እንዴ ልጄ?»

«የለም፣ ጋሽ ወልዴ።»

«አትደብቂኝ። ባልሽም እንዲሁ ነበር። ስገባ መነሳት ይሳነው ነበር፣ ምስኪን። በአንድ ወቅት ለጉልበቱ ብዬ ጥሩ የባሕር ዛፍ ቅባት ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ። አመስግኖ ተቀበለኝ።»

ከድር ጠረጴዛው ላይ ያለውን የብሎን ቆርቆሮ አየ። እኔም አየሁት። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ሌላም ነገር መጣ፣ ግን ዓይኔን ከመብራቷ አላነሳሁም።

«ጉልበቱ ደህና ነበር፣ ጋሽ ወልዴ» አልኩ። «ሥራ ላይ ነበር።»

መብራቷ ጠፋች። ፍላሹን ነቅዬ ኮምፒውተሩን አበራሁ። ስክሪኑ ጥቂት ጨልሞ ቆየ፤ ከዚያ የማዘርቦርዱ ምልክት ወጣ፣ ሁለቱም ራሞች ተቆጠሩ። ያኔ በደንብ ተነሳሁ፣ ለሁለቱም ወንበር ሳብኩ፣ ስላልተነሳሁም ይቅርታ ጠየቅኩ። የግርማ ወንድም የሱቁን ቁልፍ አልጠየቁኝም። «ቤት ያለው ኮምፒውተር ሲበራ ይንጫጫል፣ ምን ይሆን?» አሉኝ። ያምጡት አልኳቸው።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ባዮስ ስታድሱ ዩፒኤስ ተጠቀሙ፣ ገመዱን ከእግራችሁ አርቁ። ማንም ቢገባ ቁጭ እንዳላችሁ «ኖር» በሉ። ሲያልቅ ተነሱና ምክንያቱን ንገሩት።